ጉንጭህን ተወው፣ ወገብህን ለካ፦ የሰውነት ስብና የወንድ ፊት

ደሴ ላይ ስፖርት ማሠራት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። ጂም ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሠርግ ቤት ሳይቀር። «ኮች፣ ሰውነቴስ ደህና ነው፤ ይቺን ጉንጭ ብቻ እንዴት ነው የማጠፋት?» ተቃራኒውን ይዞ የሚመጣም አለ። «ፊቴ ገባ። ያየኝ ሁሉ አሞህ ነበር ወይ ይለኛል። እንዴት ይሙላልኝ?» ለእያንዳንዱ ሰው ቆሞ ማስረዳት ስላልተቻለኝ እዚህ ጻፍኩት።

መልሱ ለሁለቱም አንድ ነው። ፊት ለብቻው አይከሳም፤ ለብቻውም አይወፍርም። ሰውነትህ የሚበላው ከሚያወጣው ሲያንስ ያጠራቀመውን ስብ ከየቦታው በደም በኩል ይስባል። ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው በዘር የወረስከው ነገር ነው። የምታንቀሳቅሰው ጡንቻ አይደለም። አንዱ መጀመሪያ ጉንጩ ይቀንሳል፣ ሌላው ጉንጩ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ሥራው ያለው ወገብህ፣ ሳህንህና እንቅልፍህ ላይ ነው።

ስቡ ሲጨምርና ሲቀንስ ፊት ላይ የሚታየው

የፊት ቅርጽ ከአጥንት፣ ከጡንቻ፣ ከስብ፣ ከውሃና ከቆዳ የሚመጣ ነው። አጥንቱን ካደግክ በኋላ አትለውጠውም። ስቡንና ውሃውን ግን ትችላለህ። ከታች ያለው ግምት ነው፤ የመንጋጋ አጥንቱ ሰፊ የሆነ ሰው ላይ መስመሩ ቶሎ ይወጣል፣ ጠባብ የሆነ ላይ ይዘገያል።

- ስቡ ከክብደቱ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን፦ ጉንጭና አንገት ይገናኛሉ። የመንጋጋ ጠርዝ አይለይም። ከአገጭ ሥር ስጋ ይንጠለጠላል፣ ጎንበስ ሲል ይታጠፋል።
- ከ18 እስከ 24፦ ብዙው ሰው እዚህ ነው። ፊቱ ክብ ይመስላል፤ ቀና ሲል መንጋጋው ይታያል፣ ዘና ሲል ይጠፋል።
- ከ12 እስከ 17፦ የመንጋጋና የጉንጭ አጥንት ይለያል። አገጭና አንገት ይለያያሉ። ጉንጭ ግን ገና ሙሉ ነው። አብዛኛው ወንድ መልኩ የሚያምረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።
- ከ10 በታች፦ ጉንጭ ይገባል፣ አይን ይጎደጉዳል፣ ፊት የደከመ ይመስላል። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ላይ ደግሞ ያስረጃል፤ ፊት በዕድሜ የራሱን ስብ ስለሚያጣ ማለት ነው።

የሚያስፈልግህ

- የልብስ ሰፊ ሜትር። ሰኞ ገበያ ታገኘዋለህ። የግንበኛው ብረት ሜትር አይሆንም፤ ሰውነት ላይ አይጠመጠምም።
- ሚዛን። ከሌለህ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ መመዘን ትችላለህ። ሁልጊዜ አንዱ ጋ ብቻ ተመዘን፤ ሚዛን ከሚዛን ይለያል።
- ስልክ፣ ፎቶ ለማንሳት።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ለዘይት መለኪያ ብቻ የሚሆን።
- ባለ 20 እና ባለ 10 ሊትር ጀሪካን። ጂም ከሌለህ ክብደትህ እነሱ ናቸው።

ሳትጀምር አንብበው

እነዚህ ካሉብህ ነገሩ ስብ ላይሆን ይችላልና መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂድ።

- ጠዋት ጠዋት የአይንህ ዙሪያ የሚያብጥ፣ እግርህም የሚያብጥ፣ ሽንትህ አረፋ የሚያበዛ ከሆነ። ኩላሊት ሊሆን ይችላል።
- በአንድ ጎን ብቻ ያበጠ ጉንጭ፣ በተለይ ሕመምና ትኩሳት ካለው። ብዙ ጊዜ ጥርስ ነው።
- አንገትህ ፊት ላይ ያለው እብጠት ምራቅ ስትውጥ አብሮ ከፍ የሚል ከሆነ። ይሄ እንቅርት እንጂ የአገጭ ስብ አይደለም።
- ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የምትወስድ ከሆነ። እነዚህ ፊትን እንደ ጨረቃ ያከባሉ። ሐኪም አዞልህ የምትወስድ ከሆነ በራስህ አታቋርጥ፤ ድንገት ማቆም አደገኛ ነው። «ያወፍራል» ተብለህ ያለ ማዘዣ የገዛኸው ከሆነም ሄደህ እውነቱን ንገራቸው።

የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግብ ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ይችላል። ዕድሜህ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ምግብ አትቀንስ። ፊትህ ገና እያደገ ነው። አብሽር፣ ያ ክብ ጉንጭ የዕድሜ ነው።

1. ውሃ ይሁን ስብ ለይ

ለሦስት ቀን፣ እንደተነሳህና ቀን 8 ሰዓት ላይ መስታወት ተመልከት። ጠዋት አብጦ ቀን ላይ የሚቀንስ ከሆነ አብዛኛው ውሃ ነው። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትህ ከአገጭህ ሥር ያለውን ያዝ። ጠዋትም ማታም ያው ውፍረት ካለው ስብ ነው።

ይሄን መለየት ያስፈለገው መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። ውሃ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። ስብ ወራት ይፈልጋል። ውሃውን ስብ ነው ብሎ የሚራብ ሰው አጋጥሞኛል፤ ችግሩ የማታ ጨውና የእንቅልፍ ማጣት ብቻ ነበር።

2. መነሻ ፎቶ አንሳ

ጠዋት፣ ሳትበላ፣ መስኮት ፊት ለፊት ቆመህ። ስልኩን ሰው ይያዝልህ ወይም ግድግዳ ላይ አስደግፈው፤ ርቀቱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይሁን፣ ቁመቱ በአይንህ ልክ። አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን። ሳትስቅ፣ መንጋጋህን ሳትነክስ፣ ፊልተር ሳታደርግ።

ርቀቱ ለምን? ክንድህን ዘርግተህ የምታነሳው ሰልፊ ለካሜራው የቀረበውን ያገዝፋል። አፍንጫና ጉንጭ ይተልቃሉ፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ብዙ ሰው «ፊቴ አበጠ» የሚለው በዚህ ተታሎ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ በየቀኑ የምታየውን ፊት ለውጥ አይንህ አለመያዙ ነው። በፎቶ ካላነጻጸርክ ስድስተኛው ሳምንት ላይ «ምንም አልመጣም» ብለህ ትተዋለህ።

3. አንገትና ወገብ ለካ

በጣም የምወደው ደረጃ ይሄ ነው። አንድ ሜትርና አምስት ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል።

አንገት፦ ከማንቁርትህ ሥር፣ ሜትሩን ሳታጠብቅ። ትከሻህን ጣል አድርግ።
ወገብ፦ በእምብርትህ ልክ፣ ሜትሩ ዙሪያውን እኩል ሆኖ። ተንፍስ፤ ሆድህን አትሳብ። ሱሪህን የምትታጠቅበት ቦታ አይደለም፤ እሱ ከቦርጭ ሥር ስለሚወርድ ያታልልሃል።

ከዚያ ከወገብህ ሴንቲ ሜትር ላይ የአንገትህን ቀንስ። ቁመትህ 170 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ልዩነቱ በግምት ይሄን ይነግርሃል፦

- ልዩነቱ 40 ከሆነ፦ 12 በመቶ ስብ
- 45 ከሆነ፦ 16 በመቶ
- 50 ከሆነ፦ 20 በመቶ
- 55 ከሆነ፦ 24 በመቶ
- 60 ከሆነ፦ 27 በመቶ

ቁመትህ 175 ከሆነ ከውጤቱ አንድ ቀንስ። 165 ከሆነ አንድ ጨምር። ይሄ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮቹን ለመለካት ያወጣው ቀመር ነው። ሦስት አራት ነጥብ ሊሳሳት ይችላል። ግን ዋናው ቁጥሩ ራሱ አይደለም፤ በየሳምንቱ ወዴት እንደሚሄድ ነው። እጅህ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ከለካ ስህተቱም አንድ ዓይነት ስለሚሆን ለውጡ አይጠፋብህም።

4. ምን ያህል እንደምትቀንስ አስላ

ምሳሌ ልስጥህ። ቁመት 170፣ ክብደት 78 ኪሎ፣ ወገብ 92፣ አንገት 38። ልዩነቱ 54፤ ስቡ ወደ 23 በመቶ ነው። ይህ ሰው ከ78 ኪሎው ወደ 18 ኪሎው ስብ ነው ማለት ነው፣ 60ው ሌላ። ወደ 16 በመቶ መውረድ ቢፈልግ፣ ጡንቻውን ካልነካ፣ 71.5 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። የሚቀንሰው 6.5 ኪሎ ነው። ወገቡ ደግሞ 83 አካባቢ ይሆናል።

አንድ ኪሎ ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ይዟል። በቀን 500 ካሎሪ ብታጎድል በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይወርዳል። 6.5 ኪሎው ከ3 እስከ 4 ወር ይወስዳል። «ለሠርጌ ሦስት ሳምንት ቀረኝ» የምትለኝ ወንድሜ፣ በሦስት ሳምንት ውሃውን ነው የምናወርደው። እሱም ቢሆን ፎቶ ላይ ይታያል፤ ግን የጉንጩ ስብ እዚያው ነው።

በሳምንት ከክብደትህ ከ1 በመቶ በላይ አትቀንስ። ፈጥኖ የሚወርድ ክብደት ጡንቻም ይዞ ይወርዳል፣ ቆዳም ለመሰብሰብ ጊዜ አያገኝም። ፊት ላይ ይሄ መሸብሸብና መጠውለግ ሆኖ ይታያል።

5. መጀመሪያ ዘይትና ስኳር ላይ ሂድ

ሰው ውፍረት ሲቀንስ መጀመሪያ እንጀራውን ያባርራል። እኔ በዘይት ጀምር እላለሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው። አያጠግብም፣ አይታይምም። የቤታችን ሽሮና ምስር ወጥ ላይ ዘይት በአይን ግምት ነው የሚፈስሰው። ለአንድ ሰው ለአንድ ማዕድ ሦስት አራት ማንኪያ ማለፍ ቀላል ነው። ወደ አንድ ማንኪያ ብታወርደው የቀኑን ጉድለት ግማሹን ሳትራብ አገኘህ።

እራስህ የምትሠራ ከሆነ በማንኪያ ለካ። እናትህ ወይም ባለቤትህ የምትሠራ ከሆነ ለሁሉም የሚሆን ድስት አታስለውጥ። ወጡ ሲወጣ ዘይት የተንሳፈፈበትን ትተህ ከሥሩ ይጨለፍልህ። «ብላ በሞቴ» ሲመጣ ጉርሻውን ተቀበል፤ ሳህንህ ላይ የሚወጣው ግን መጀመሪያውኑ ትንሽ እንዲሆን ጠይቅ። ጉርሻ ማንንም አላወፈረም።

ስኳሩ ደግሞ ቡና ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ቡና እምቢ በል ብዬ አልመክርህም፤ አይሆንምም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከሰዓት ደግሞ ጎረቤት ቤት እንደገና ሦስቱን። ስድስት ስኒ በሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር 48 ግራም አካባቢ ይሆናል፣ ወደ 190 ካሎሪ። ቡናውን ጠጣ፣ ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እየቀነስክ ተወው። ድንገት ብታቆመው ይመርርሃል፣ ትመለሳለህ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው። ማልቱም ያው ጣፋጭ ነው፤ አልኮል የለውም ማለት ስኳር የለውም ማለት አይደለም።

ጫት የምትቅም ከሆነ አብሮት የሚጠጣውን ቁጠር፤ ለስላሳው፣ ጣፋጩ ሻይ፣ ሌሊት ላይ ምግብ ፍለጋው። ቀኑን ሙሉ አልበላሁም የሚል ሰው እኩለ ሌሊት ላይ የቀኑን ሁሉ ይበላዋል።

ጾም ላይ ሁለት ነገር ልብ በል። የክርስቲያኑ የጾም ማዕድ ቅቤና ስጋ ስለሌለው ቀላል ይመስላል፤ ግን ቅቤው በዘይት ይተካል፣ ድንቹም ሳምቡሳውም በዘይት ይጠበሳል። በረመዳን ደግሞ ኢፍጧር ላይ ቴምሩን፣ ውሃውንና ሾርባውን ካስቀደምክ በኋላ ትንሽ አረፍ በል። ሶላት ሰግደህ ስትመለስ ሆድህ ይረጋጋል፣ ሳምቡሳው በሁለት ይቆማል።

6. ፕሮቲን በየማዕዱ ይኑር

ምግብ ስትቀንስ ሰውነት ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ይበላል። ፕሮቲንና ክብደት ማንሳት ጡንቻውን ይጠብቁልሃል። በተጨማሪም ያጠግባል። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደትህ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ያዝ። ለ78 ኪሎ ሰው ቢያንስ 94 ግራም ማለት ነው። ኩላሊት ሕመም ያለበት ይሄን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያድርግ።

አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8። መቶ ግራም ቀይ ስጋ ወይም ዓሣ 20 አካባቢ፤ የሐይቅ ዓሣ ሲገኝ ጥብሱን ሳይሆን ወጡን ወይም ለብለቡን ምረጥ። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 9። ጾም ላይ ያለህ ሰው ሽሮውን ወፈር አድርገህ፣ ምስሩን ጨምረህ፣ በመክሰስ የባቄላና የሽንብራ ንፍሮ ብላ። ቆሎ ጥሩ ነው፤ ግን ደረቅ ስለሆነ እፍኙ ካሎሪ አለው። ከከረጢቱ እየዘገንክ አትብላ፣ በስኒ ለካው።

7. ጨው፣ እንቅልፍ፣ ትራስ

ውሃውን የምታወርድበት ደረጃ ነው፤ ለውጡም ቶሎ ይታያል። ጨው ውሃን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። በርበሬው ውስጥ አለ፣ ሽሮው ውስጥ አለ፣ የሾርባ ኩቡ ውስጥ አለ፣ ከዚያ ማዕድ ላይ እንደገና ይነሰነሳል። ማዕድ ላይ የሚጨመረውንና ኩቡን ብቻ አስቀር። እራትህንም ከመተኛትህ ሦስት ሰዓት በፊት ጨርስ።

ጨው ስትቀንስ አዮዲን ያለውን ጨው መግዛትህን እንዳትተው። ገበያ በጥሬው የሚሸጠው ጨው አዮዲን ላይኖረው ይችላል፣ የደጋ ሰው ደግሞ ለእንቅርት የተጋለጠ ነው።

ከ7 ሰዓት ያላነሰ ተኛ። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ርሃቡ ይጨምራል፣ የአይኑ ሥርም ያብጣል። ትራስህን ትንሽ ከፍ አድርግ፤ ተኝተህ ፊትህ ላይ የሚጠራቀመው ውሃ ይቀንሳል። ጠጅም ሆነ አረቄ ከጠጣህ በማግስቱ ፊትህ ስለሚያብጥ የዚያን ቀን ልኬትና ፎቶ አትውሰድ።

8. በእግር ሂድ፣ ክብደት አንሳ

በባጃጅ የምትጨርሰውን አጭር መንገድ በእግርህ አድርገው። በቀን 40 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። የደሴ ዳገት ራሱ ስፖርት ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ወደ ጦሳ ውጣ። ከኮምቦልቻ ወይም ከቆላ የመጣህ ከሆነ ግን ቀስ በል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ትንሽ በለጥ ትላለች። መጀመሪያ ሳምንታት ላይ ትንፋሽህ ያጥራል፣ ያ ድክመት አይደለም።

ክብደት በሳምንት ሦስት ቀን፦ ፑሽአፕ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ጎንበስ ብሎ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ወደ ሆድ መሳብ፣ ባለ 10 ሊትሩን ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በሦስት ዙር። ባለ 20ውን መጀመሪያ በግማሽ ሙላው፤ የሞላው 20 ኪሎ ነው። ስትጎነበስ ጀርባህ አይጉበጥ። ጾመኛ ከሆንክ ከባዱን ከኢፍጧር ሁለት ሰዓት በኋላ አድርገው።

ፊት ጋ ምን አገናኘው? ትከሻና ደረት ሲሰፋ ያው ፊት ከሰውነቱ አንጻር ያነሰ ይመስላል። አንገትህም ቀጥ ይላል። ስልክ ላይ ተደፍቶ የሚውል ሰው አንገቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል፣ ስብ ሳይኖረው እንኳ ከአገጩ ሥር ያለው ቆዳ ይታጠፋል። ስልኩን ወደ አይንህ አምጣው።

9. በሳምንት አንዴ መዝግብ፣ ሲደርስ ቁም

ሰኞ ጠዋት፣ ሳትበላ። ክብደት፣ ወገብ፣ አንገት። ፎቶ ደግሞ በ4 ሳምንት አንዴ። በየቀኑ መመዘን አያስፈልግም፤ ውሃ ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ሊያወጣህና ሊያወርድህ ይችላል።

ለሁለት ሳምንት ወገብህ ካልቀነሰ ዘይቱን እንደገና ለካ። ብዙ ጊዜ እሱ ነው የተመለሰው። ዘይቱ ደህና ከሆነ ከእንጀራህ ሩቡን ቀንስ።

ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ በታች ሲገባ፣ ስቡም 14 ወይም 15 በመቶ ሲደርስ መቀነሱን አቁም። ከዚያ በታች እየወረድክ ስትሄድ ብርድ አይለቅህም፣ እንቅልፍ ይሸሽሃል፣ የወንድነት ሆርሞንህ ይወርዳል። ፊትም አያምርም። ስታቆም ምግቡን በአንዴ ሳይሆን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መልስ።

10. ጺምህን መጨረሻ ላይ ወስን

ጺም የመንጋጋ መስመር ይሠራል፣ ስለዚህ ልኬት እስክትጨርስ አንድ ዓይነት አድርገህ ያዘው፤ አለዚያ ፎቶው ያታልልሃል። ፀጉር ቤት ስትሄድ የአንገቱን መስመር መንጋጋ ላይ እንዳይቆርጡት ንገር። ከማንቁርት በላይ ሁለት ጣት ላይ ይቁም። መስመሩ መንጋጋው ላይ ከወጣ ከአገጭ ሥር ያለው ስጋ ተገልጦ ይታያል። ጉንጩ ሞላ ያለ ሰው የጎኑን ጺም አጠር፣ የአገጩን ረዘም ቢያደርግ ፊቱ ረዘም ይላል።

ሰው የሚሳሳትባቸው

ማስቲካ ሲያኝኩ መዋል ወይም ለመንጋጋ ስፖርት ተብሎ የሚሸጠውን ጎማ መንከስ። የመንጋጋ ጡንቻ ሊያድግ ይችላል፣ ስቡ ግን ንቅንቅ አይልም። ጡንቻው ሲያድግ ፊት ይሰፋል፤ የፈለግከው ተቃራኒውን ነበር። የመንጋጋ መገጣጠሚያም ያማል።

አንገት ላይ ፕላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ። የሚወጣው ላብ ነው። ውሃ ስትጠጣ ይመለሳል። ውሃ አለመጠጣትም ፊት አያቀጥንም፤ ያደርቃል እንጂ።

ቁርስና ምሳ ዘልሎ ማታ መጥገብ። እራቱ ከባድና ጨዋማ ስለሚሆን ጠዋት ፊትህ አብጦ ትነሳለህ።

የሰው ወሬ መስማት። መቀነስ ስትጀምር «ምነው ከሳህ? ደህና ነህ?» ይመጣል። እኛ ጋ የሞላ ፊት የድሎት ምልክት ነው፤ ጠያቂዎቹ ከፍቅር ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ስፖርት ጀምሬ ነው» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» በላቸው። መወሰን ያለብህ ግን በሜትርህ ነው።

ፊቴ ገባ ለምትለው

አንተም ከደረጃ 2 እና 3 ጀምር። ሳትፈልግ በጥቂት ወራት ውስጥ ከስተህ ከሆነ ግን ምግብ ከመጨመርህ በፊት ተመርመር። በተለይ ሳልህ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሌሊት የሚያልብህ ከሆነ ለሳንባ ነቀርሳ። ውሃ የሚጠማህና ሽንት የሚያመላልስህ ከሆነ ለስኳር። ልብህ በፍጥነት የሚመታና እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለእንቅርት ዕጢ። የአንጀት ትላትልና ኤች አይ ቪም አብረው ይታዩ።

ጤናህ ደህና ከሆነ ዘይቱ ለአንተ ጠላት አይደለም። ከእነዚህ እየመረጥክ በቀን 300 ካሎሪ ገደማ ጨምር፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ካደረግከው ያልፋል፦ ጠዋት በሶ በማር፣ ከሰዓት አንድ ብርጭቆ ወተት ከእፍኝ ለውዝ ጋር፣ እራት ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ በተጨማሪ። ፕሮቲኑና ክብደቱ እንደ ደረጃ 6 እና 8 ይሁን። እርምጃውን ወደ 20 ደቂቃ አውርደው። ካልሠራህ የሚጨምረው ቦርጭ ብቻ ነው፣ ጉንጭህን ሳይነካ ሊቀር ይችላል።

በወር አንድ ኪሎ በቂ ነው። ሚዛንህ ሲወጣ ወገብህን አብረህ ለካ። ኪሎው ጨምሮ ወገብህ ብዙም ካልሰፋ መንገዱ ትክክል ነው። ወገብህ ከኪሎው ቀድሞ ከሮጠ ቅባቱን ግማሽ ማንኪያ ቀንስና ጀሪካኑን ሙላው።